ድንጋይ መላሽ

ከሾላ አምባ በስተ ምሥራቅ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ግማሹ ጤፍ የሚዘራበት ግማሹ በድንጋይ የተሞላ ሰፊ ማሳ አለ፤ አገሬው «ድንጋይ መላሽ» ይለዋል። እንግዳ ሰው ሲያየው ባለቤቱ ሰንፎ ያልለቀመው ይመስለዋል። ሽማግሌዎች እንደሚሉት ግን ያ ድንጋይ አንድ ጊዜ ተለቅሞ ካለቀ በኋላ በሴት እጅ ተመልሶ የፈሰሰ ነው።

ሴትዮዋ ደብሪቱ ትባል ነበር። ባሏ መንገሻው ሲያገባት ከአባቱ የደረሰው ይህ ጠፍ ቁልቁለት ብቻ ነበርና፣ ሁለቱ ክረምት ከበጋ ድንጋዩን እየፈነቀሉ፣ እሷም እርጉዝ ሆና ሳይቀር በጀርባዋ እያመላለሰች፣ ዳር ዳሩን ካብ ካቡበት። የመጀመሪያ ልጇን ያስወረዳት ያ ሸክም ነው ይባላል። ማሳው እህል መስጠት በጀመረ በጥቂት ዓመቱ መንገሻው በንዳድ ሞተ።

ሐዘኗን ሳትጨርስ የባሏ ወንድም ባየህ መጣ። ከዚያ ማሳ አንዲት ጠጠር አንሥቶ የማያውቀው ባየህ፣ መሬቱ የአባቴ ነው፣ ወይ እኔን አግቢ ወይ ወደ ዘመዶችሽ ሂጂ አላት። ደብሪቱ ሽማግሌዎች ፊት ቆማ አቤት ብትልም፣ ሴት መሬት አይገባትም ብለው ለባየህ ፈረዱ። ከመካከላቸው ትልቁ፣ ያጽናናት መስሎት፣ «ልጄ፣ በእጅሽ ያፈራሽውን ይዘሽ ሂጂ፤ ማንም አይከለክልሽም» አላት።

የደብሪቱ ደም ፈላ። በማግስቱ ካቡን እያፈረሰች ድንጋዩን ወደ ማሳው ትመልስ ጀመር። ከሳምንታት በኋላ ባየህ በሬዎቹን ጠምዶ ቢመጣ ማረሻው ተሰበረበት። ሊመታት ሲቃጣ ሽማግሌዎቹ ደርሰው ያዙት፤ ምን ማድረጓ እንደሆነም ጠየቋት።

«አባቶቼ፣ ያፈራሽውን ይዘሽ ሂጂ አላላችሁኝም? እኔ ያፈራሁት የድንጋዩን መነሣት ነው። ባየህ የአባቱን መሬት እንደ ድሮው ይረከብ።»

ሽማግሌዎቹ ነገሩ ከበዳቸውና የማሳውን ግማሽ ወስደሽ ተይው አሏት።

ደብሪቱ የተሸከመችውን ሳታስቀምጥ፣ «ግማሹን ድንጋይ ነው ያነሣሁት?» አለች።

ይህን የሰሙ የመንደሩ ሴቶች፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ እየወጡ በየባሎቻቸው ማሳ ካብ ላይ ተቀመጡ ይባላል። በአገሩ የሴት ጀርባ ያልተሸከመው ካብ አለመኖሩ ለሽማግሌዎቹ የታያቸው ያኔ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ፍርዳቸውን ገለበጡ፤ ማሳው ለደብሪቱ ሆነ። እሷ ግን የመለሰችውን ድንጋይ ዳግመኛ ላታነሣ ምላ፣ የተረፈውን እያሳረሰች ኖረች።

ከዚያ ወዲህ በሾላ አምባ ጋብቻ ሲፈጸም ሽማግሌዎቹ ጮክ ብለው «መሬቱ የማን ነው?» ይላሉ፤ ሙሽራውና ሙሽሪት አብረው «የኛ» ካላሉ ሰርጉ አይቀጥልም። ከመንደሩ በታች ካለው ወንዝ ማዶ ግን ይህ ልማድ የለም። ባሏ የሞተባት ሴት ዛሬም ጓዟን አዝላ፣ ልጆቿን አስከትላ ከዚያ ስትሻገር ትታያለች። የሾላ አምባ ሴቶች ምን ደረሰብሽ ብለው አይጠይቋትም። ሸክሟን እየተቀበሉ፣ «ስንት ዓመት ድንጋይ ለቀምሽላቸው?» ይሏታል።