የይመር ፔጆ በሐረጎ ቁልቁለት

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል የሐረጎን ቁልቁለት የሚመላለሱ ሹፌሮች አንዲት ተረት አለቻቸው። ባልንጀራቸው መኪናውን ከልክ በላይ ሲያሳምር፣ መሪውን ሲያለባብስ፣ መስታወቱ ላይ ዘርፍ ሲያንዠረግግ ካዩ ጣል ያደርጉበታል። ተረቷ ከእነሱም ከአያቶቻቸውም በፊት የነበረች ናት፤ ማን እንደጀመራት የሚያውቅ የለም። በእነሱ አፍ የገባችው ግን በይመር ምክንያት ነው ይላሉ። ነገሩም እንዲህ ነው።

ይመር ደሴ ላይ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግድ፣ ዝምተኛና ጥንቁቅ ሰው ነበር። ከአባቱ የወረሳት አሮጌ ፔጆ ነበረችው። በውጭ ላያት ዕድሜዋን አትናገርም፤ ወተት የመሰለ ነጭ ቀለሟ አንድ ጭረት የለበትም፤ እሁድ እሁድ በገዛ እጁ ያጥባታል። ውስጧ ግን አርጅቷል። በዳሽቦርዱ ላይ ከጫፍ ጫፍ የተዘረጋው የኒኬል ዘንግ ተልጦ ከሥሩ ያለው ብረት ወጥቷል። የቆጣሪዎቹ ቀለበቶች ዝገዋል። በመሪው መሐል ያለው የክላክስ ቀለበትም ከእጅ ብዛት ደብዝዞ እርሳስ መስሏል።

ይመር ይህን ከቁም ነገር ቆጥሮት አያውቅም ነበር፤ የልጁ የሉባባ መመለሻ እስኪደርስ ድረስ። በአገሩ ወግ የበኩር ልጅ የሚወለደው በእናቲቱ ወላጆች ቤት ነው። ሉባባም ከኮምቦልቻ መጥታ፣ በእናቷ በከድጃ እጅ ታርሳ፣ ደህና ወንድ ልጅ ታቅፋ ተነስታለች። አሁን ወደ ባሏ ቤት ስትወርድ አማቾቿ ደጅ ወጥተው ነው የሚቀበሏት። የባሏ አባት ሐጂ ጀማል ደግሞ ከወራት በፊት በፔጆዋ ተሳፍረው ሳለ የተላጠውን ዘንግ በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «ይቺም እንደኛው አርጅታለች!» ብለው ስቀው ነበር። ለጨዋታ ያህል ነው። ይመር ግን ያንን ሳቅ ይዞት ቤቱ ገባ፤ ይዞትም ከረመ።

«የመኪናዋን የውስጥ ኒኬል በሙሉ ላስነክረው ነው» አላት ከድጃን።

«አንተ ሰውዬ፣ ሰው ደጅ የሚወጣው ሕፃኑን ሊያይ ነው የመኪና ሆድ ሊያይ?»

«ልጄ ከላጣ መኪና ስትወርድ አላይም።»

«እኔስ በሰላም ስትወርድ ብቻ ባየሁ» አለችና ተወችው።

ይመር ዘንጉንና ቀለበቶቹን አስፈትቶ ደርበው ወደሚባል ኒኬል ነካሪ ወሰዳቸው። ደርበው ሥራ ወዳድ ሰው ነው፤ ብረቱን አገላብጦ አየና፣ «ድሮም ቢሆን ያን ያህል አላበራም፤ እኔ ግን መስታወት አደርግልሃለሁ» አለው።

«መስታወት አድርገው» አለ ይመር።

ደርበው ቃሉን አላጠፈም። ዝገቱን ፍቆ፣ ነክሮ፣ ወልውሎ ሲያስረክበው ይመር የገዛ ጺሙን ፀጉር በፀጉር ዘንጉ ላይ አየው። ያን ሰሞን ደሴ ጉም ተጭኗት ነበር፤ ጠዋት ማታ ፀሐይ የሚባል ነገር አይታይም። በዚያ ግራጫ ብርሃን ኒኬሉ ሲታይ ለስለስ ያለ፣ ዐይን የሚያሳርፍ ጌጥ ነው። ይመር ደጋግሞ በመሐረብ እየወለወለ ያየው ነበር።

የመሄጃው ቀን ጠዋት በጉሙ ውስጥ ተነሱ። ከኋላ ከድጃና ሉባባ፣ ሕፃኑ በሉባባ እቅፍ ተጠቅልሎ። ከፊት በስተቀኝ የከድጃ አጎት አያ ሙሄ ተቀመጡ፤ የቤቱ ሽማግሌ ናቸውና ልጁን ለአማቾቹ የሚያስረክቡት እሳቸው ናቸው።

«ማሻ አላህ፣ ሙሽራ አስመሰልካት» አሉ ዳሽቦርዱን እያዩ። ይመር ደስታው ፊቱ ላይ ታየ።

የሐረጎ አናት ላይ ሲደርሱ ጉሙ እንደ መጋረጃ ተገፈፈ። የኮምቦልቻ ሜዳ ከሩቅ ከታች ተዘረጋ፤ ፊት ለፊት ፀሐይዋ ገና ከተራራው ከፍ እንዳለች ቆማለች። የመጀመሪያውን ጥምዝ ታጥፈው ቁልቁል ሲሉ የሆነ ነገር ይመርን ዐይኑ ላይ ወጋው።

ምን እንደሆነ ወዲያው አልገባውም። የፀሐይ መከላከያውን አወረደ፤ አልጠቀመውም። ብርሃኑ ከላይ አይደለም የሚመጣው፣ ከሥር ነው። ዘንጉ ፀሐይዋን ተቀብሎ እንደ ጦር ወደ ዐይኑ ይወረውራታል፤ ቀለበቶቹ ደግሞ የፊት መስታወቱን በነጭ ነበልባል ሞልተውታል። የሚቀጥለውን ጥምዝ ሲታጠፉ ጠፋለት። ይመር ትንፋሹን ለቀቀ። ሌላውን ሲታጠፉ ተመልሶ መጣ።

መቆም ነበረበት። ግን መንገዱ ጠባብ ነው፤ ከኋላው መኪኖች ተከታትለዋል፤ ደግሞስ ምን ብሎ ይቁም? «ያሳመርኩት ነገር ዐይኔን አጠፋው» ብሎ? ኀፍረቱ ከፍርሃቱ ቀደመ። በግራ እጁ መሪውን ይዞ በቀኝ መዳፉ ዘንጉን ሸፈነ።

«ምነው እጅህ?» አሉ አያ ሙሄ።

«ምንም አይደል፣ አያ።»

መዳፉ የሚሸፍነው ስንዝር ያህሉን ነው። ማርሽ ሊቀንስ እጁን ባነሳ ቁጥር ብርሃኑ ይመለሳል። መሪውን ባዞረ ቁጥርም የክላክሱ ቀለበት አብሮ እየዞረ ሌላ ብልጭታ ፊቱ ላይ ይረጫል። ዐይኑን ጨፍኖ ሲከፍት አረንጓዴና ቀይ ነጠብጣብ እንጂ አስፋልት አይታየውም። ላብ በጀርባው ወረደ። የገደሉ ድንጋዮች ጫፍ ጫፉን ብቅ እያሉ ያልፋሉ። ከኋላ ሉባባ ለልጇ እሹሩሩ ትላለች፤ ድምፅዋ ሰላም ነው፤ አባቷ በጭፍን እየነዳ መሆኑን አላወቀችም። ይመርን ከገደሉ ይልቅ ያ ሰላም ያለ ድምፅ አስፈራው።

አንድ ጠባብ ጥምዝ እንደታጠፉ ፀሐይዋ በሙሉ ኃይሏ መጣች። ሁሉም ነገር ነጭ ሆነ። በዚያው ቅጽበት ከታች የከባድ መኪና ክላክስ ተነፋ፤ ረጅም፣ የማያቋርጥ፣ እየቀረበ የሚመጣ። ሽቅብ የሚወጣ ባለ ተሳቢ ነው። ይመር ፍሬኑን ረገጠ፤ መኪናዋ ተንሸራተተች። መሪውን ወዴት ያዙረው? ጥምዙ ሲታጠፍ ገደሉም ቦታ ይቀያየራል። ገደሉ በቀኝ ነው? በግራ ነው? አላወቀም። በሕይወቱ ስንት ጊዜ የተመላለሰበትን መንገድ አላወቀውም።

«አይታየኝም!» ብሎ ጮኸ። «አያ፣ አይታየኝም!»

ከድጃ ጮኸች። ከሁሉም ድምፅ በላይ ግን የአያ ሙሄ ድምፅ ተሰማ፤

«ወደኔ! ወደኔ ጠምዝዘው!»

«ወዴት?»

«ወደኔ ነው የምልህ! በኔ በኩል ተራራ ነው!»

ይመር ድምፁን ተከትሎ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘ። ፔጆዋ ከተራራው ጋር ተላተመች፤ ድንጋዩ ከፊት መብራቷ እስከ ኋላዋ እየገሸለጣት፣ ቆርቆሮዋ እየጮኸ፣ የአያ ሙሄ መስኮት ተፈረካክሶ ጋቢያቸው ላይ እየፈሰሰ ተንፏቀቀች። ባለ ተሳቢው በግራ በኩል ነፋሱ መኪናዋን እያወዛወዛት አለፈ። ከዚያ ቆሙ።

ይመር ሁለት እጁ መሪው ላይ ደርቆ ቀረ። ወደ ኋላ መዞር ፈራ። የሕፃኑን ድምፅ ጠበቀ፤ አልመጣም። ሉባባም አትናገርም፤ ከድጃም አትናገርም። ያ ዝምታ ምን ያህል እንደቆየ እሱ አያውቅም፤ ለእሱ ግን ከወረደው ቁልቁለት ሁሉ ይረዝም ነበር። «ያ አላህ፣ እኔን፣ እኔን ብቻ» አለ በልቡ።

ከዚያ ሕፃኑ አነጠሰ። አንድ ጊዜ አነጠሰና ከእንቅልፉ በመቀስቀሱ ተቆጥቶ መኪናዋን በለቅሶ ሞላት። ሉባባ እያለቀሰች ትስቃለች። ከድጃ «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» ትላለች። ይመር ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ተንሰቀሰቀ።

የአያ ሙሄ በር አልከፍት አለ። በሹፌሩ በኩል እየተጎተቱ ወረዱ፤ ክርናቸው ተጫጭሮ ደምቷል፣ ሌላ ጉዳት የለባቸውም። ይመር እግራቸው ሥር ሊደፋ ሲል ብብቱን ይዘው አቆሙት።

«ተነስ። አሁን ልጁን እናድርስ።»

«እኔ ከእንግዲህ አልነዳም፣ አያ። ዐይኔን ገና ያጥበረብረኛል።»

«እስኪጠራልህ እንጠብቃለና» አሉና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ከድጃ የራሷን ሻርፕ አወለቀችና ዳሽቦርዱን ከጫፍ ጫፍ አለበሰችው፤ በሌላ ጨርቅ ደግሞ የክላክሱን ቀለበት ጠመጠመችው። የይመር ዐይን ሲጠራ ሴቶቹ ሳይቀሩ ፀሐይዋን በመዳፋቸው እየከለሉ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ እንደ ጉንዳን እየተጓዙ ወረዱ። ከኋላ የሚነፋባቸውን ክላክስ ማንም ቁም ነገር አላለው።

ኮምቦልቻ ሲደርሱ አማቾቹ እልል እያሉ ወጡ፤ ሉባባን ከነልጇ አቅፈው አስገቡ። ሐጂ ጀማል ግን ደጅ ቀሩ። በግራ በኩል ቆመው ሲያዩዋት ፔጆዋ ያው ወተት የመሰለች ናት። ዞረው በቀኝ ቢያዩዋት ቀለም የሚባል የላትም፤ እጀታዋ ተገንጥሏል፣ መስኮቷ ባዶ ነው፣ ብረቷ ከፊት እስከ ኋላ አግጥጦ ወጥቷል።

«አላህ አተረፋችሁ! ይመር፣ ምን አገኛችሁ?»

ይመር በጣቱ ወደ ዳሽቦርዱ ጠቆመ። ሐጂ ጀማል ግራ ገብቷቸው ጎንበስ ብለው ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ሻርፕ ሳብ ሲያደርጉት የረፋድ ፀሐይ ከኒኬሉ ላይ ፊታቸው ላይ ተፈናጠረች፤ ዐይናቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ኋላ ተንገዳገዱ።

አያ ሙሄ የመስታወት ስባሪውን ከጋቢያቸው ላይ እያራገፉ፣ «ምን እናገኛለን፣ ሐጂ፤ ሲያጌጡ ይመላለጡ ነው!» አሉ።