ጽዋውን የመለሰው ቀማሽ

አንድ ሰው ነበረ፤ ጠላ ቀማሽ። ሰካራም አላልኩህም። በዕድሜው ሲንገዳገድ ያየው የለም፤ ጠጥቶ የሰደበው፣ ጠጥቶ የመታው ሰው የለም። ከአንዱ ቤት ግማሽ ዋንጫ፣ ከሌላው ቤት ግማሽ ዋንጫ ይቀምስና አመስግኖ ይነሣል። መሬት ነበረው፣ ጥማድ በሬ ነበረው፣ ሚስት ነበረችው። ልጅ አልነበራቸውም።

ይህን የምነግርህ ስለ ጥያቄህ ነው። «የኔታ፣ የሟች ወንድሜን ሚስትና ልጆች አልበደልኳቸውም። መሬታቸውን አልገፋሁም፤ በየበዓሉ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። ታዲያ ሰው ለምን ያማኛል? ክፉ ካልሠራሁ ምን ጎደለብኝ?» አልከኝ። እንግዲያው ተቀመጥና ስማ። በሩን በሩን አትይ፤ ቶሎ አልጨርስልህም።

በዚያ ሰው አገር ሕዝቡ ሁሉ በጽዋ ማኅበር የተያያዘ ነው። የሚካኤል ማኅበር አለ፣ የማርያም አለ፣ የጊዮርጊስ አለ። ማኅበርተኛው በየወሩ በአንዱ ቤት ይሰበሰባል፤ ባለተራው ዳቦ ጋግሮ፣ ጠላ ጠምቆ ያበላል፣ ያጠጣል። ሲያበቃ የሚቀጥለው ባለተራ ጽዋውን፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነችውን የማኅበሩን ማሰሮ፣ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ጽዋ የገባበት ቤት በሚቀጥለው ወር ሰው ይሞላበታል። ከማኅበርተኛው አንዱ ሐዘን ሲደርስበትም ሌሎቹ ሳይጠሩ መጥተው ይፈጫሉ፣ ይጠምቃሉ፣ አብረውት ያድራሉ።

ሰውዬው የየትኛውም ማኅበር አባል አልነበረም፤ ከየትኛውም ቤት ግን አይጠፋም። በጽዋ ቀን የመጣ እንግዳ አይመለስምና «ግባ» ይሉታል፤ ይገባል። አፉ አዋቂ ነበር፣ ይህን አልክድበትም። ከወንዝ ማዶ ያለች አንዲት ባልቴት የምትጠምቀው ጥቁር የዳጉሳ ጠላ ነበር፤ «ይህን የጠጣ እራት አያምረውም» ይላል። የቄሱ ሚስት የገብስ ጠላ ቀላ ያለ ነው፤ ጋኑ በወይራ ስለታጠነ መጨረሻው ላይ ጭስ ጭስ ይላል፤ እሱን ሲቀምስ ዓይኑን ይጨፍናል። በአንጥረኛው ቤት ጠላው ገና ጉሽ ሳለ ይቀርባል፤ ከላይ የሚንሳፈፈውን ገለባ በከንፈሩ ገፋ አድርጎ ፉት ይልና «ምነው ትንሽ ቢታገሡት!» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ቅራሪ እንኳ ንቆ አያውቅም፤ «ለጠማው ሰው ከዚህ ወዲያ ምን አለ?» ይላል።

ሴቶቹ ይወዱት ነበር። አሳላፊዋ ከመዳፏ ቀምሳ ዋንጫውን ስትሰጠው ፊት ፊቱን ታየዋለች፤ «እጅሽ ይባረክ» ካላት ደስታዋ እስከ ሌላ ወር አያልቅም። እሱ ግን ወዲያው ይነሣል። ከቤቱ የታመመ ይኑር፣ ላም ሞታ ይሁን፣ ልጅ ኮብልሎ ይሁን፣ የሚያውቀው ነገር የለም። ወሬው ሲጀመር እሱ በር ላይ ቆሞ ጋቢውን እያጣፋ ነው። ክፋት አይደለም። የሚቀጥለው ቤት ጠላ እንዳያልቅበት ነው የሚቸኩለው።

ሚስቱ ከሩቅ አገር የመጣች ናት፤ በዚያ መንደር ዘመድ አልነበራትም። ማታ ሲመለስ ስለ ጠላው ሲያወራላት እሷ የምትጠይቀው ሌላ ነው።

«እነማን ነበሩ? ምን ተጫወቱ?»

«እኔ ምን አውቄ? ጌሾው ግን ልክ ነበር።»

«ኧረ አንተ ሰው፣ እኛም ማኅበር እንግባ። ይህ ቤት የሰው ድምፅ ይስማ እንጂ! ከላምና ከዶሮ ጋር እያወራሁ ላረጅ ነው እኮ።»

«ተራ ከያዝን ታሰርን ማለት ነው። ደግሞስ ያን ሁሉ ሰው ትችይዋለሽ?»

«እችለዋለሁ። አንተ ብቻ እሺ በል።»

እሺም አይላት፣ እምቢም አይላት። እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ።

አንድ ጊዜ የሚካኤልን ጽዋ ሊቀበል ተራው የደረሰ ገበሬ ታመመ። የቀማሹ ሚስት ይህን ስትሰማ ጽዋው ወደ እኛ ቤት ይምጣ ብላ ቆረጠች። ጽዋውን አጅበው የሚመጡትን ሰዎች ባዶ አፋቸውን አልሸኝም ብላ ጋኗን በግራዋ ቅጠል አጠበች፣ በወይራ አጠነች፤ ለባሏ ሳትናገር ጠላዋን ጠመቀች። ከዚያ የማኅበሩን አለቃ፣ ሙሴ የሚሏቸውን ሽማግሌ፣ መንገድ ላይ ጠብቃ «አባቴ፣ ባሌን ይጠይቁልኝ። ድግሱ ከእኔ» አለቻቸው።

የሚካኤል ዕለት ሰውዬው እንደ ልማዱ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ግማሽ ዋንጫውን ይዟል። ሙሴው ጽዋውን አንሥተው ወደ እሱ መጡ።

«ወንድማችን» አሉት፣ «የሁላችንንም ቤት ታውቀዋለህ። ወገናችን ታሞብናል፤ ዛሬ ጽዋውን አንተ አንሣልን።»

ሰውዬው ማሰሮዋን ተቀበለ፤ ጨርቁን ገለጥ አደረገና ቀመሰ። «መልካም ጠላ ነው» አለ፤ ከዚያ መልሶ ለሽማግሌው ሰጣቸው። «እኔ ቀማሽ ነኝ እንጂ ተረኛ አይደለሁም።» ሰዉ ቀልድ መስሎት ሣቀ። ሌላ ሰው ተነሥቶ ጽዋውን ወሰደ፤ ጨዋታውም ቀጠለ። ማንንም አልሰደበም፣ ከማንም አልተጣላም።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ደጁን ጠርጋ፣ ሣር ጎዝጉዛ በሩ ላይ ቆማለች። ጽዋ ሲገባ እልል ይባላልና ለእልልታ ነበር የቆመችው። ባዶ እጁን አየችና ገባች። ከጋኗ ቀድታ ሰጠችው። ቀመሰና «ጌሾው ትንሽ በዝቷል» አላት።

«ለማን ነው የጠመቅሁት?» አለች። እሱን አልነበረም የጠየቀችው። ጠላው ቆይቶ ሆመጠጠ፤ እሷው ተሸክማ ጓሮ ደፋችው። ከዚያ ወዲያ ስለ ማኅበር አንሥታ አታውቅም። አንተ ገና ምን እንደጎደለ ያልገባህ ትመስላለህ።

ሴትየዋ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞተች። መታመሟን ያወቀ ጎረቤት አልነበረም፤ ማን ገብቶ ይወቅ? ለቀብሯ አገሩ ወጣ፤ ከቀብር የሚቀር የለም። ተዝካሯ ሲደርስ ግን ሳይጠራ መጥቶ የሚፈጭ፣ የሚጠምቅ አልተገኘም፤ ሰውዬው ከሌላ መንደር ጠማቂ አስመጣ። ጠላው በዕድሜው ከቀመሰው ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ ወጣ።

በተዝካሩ ቀን ካህናቱ ጸሎት አድርሰው፣ ባርከው ሄዱ። ሌላውም ሰው እየገባ «ነፍስ ይማር» ይላል፣ ቆም ብሎ ይቀምሳል፣ ይወጣል። ብድር ሊመልሱለት እንዳይመስልህ፤ ማንም ያን አላሰበም። በዚያ ቤት ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ መቀመጥ ከበዳቸው። ስለ ሟቿ አንድ ወግ የሚያነሣ ጠፋ። ደግ ነበረች ወይስ ቁጡ፣ ጨዋታ ትወድ ነበር ወይስ ዝምታ፣ የሚያውቅ የለም። ስሟንም የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ።

ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ቤቱ ባዶ ሆነ። ሰውዬው ጋኖቹን ቢገልጣቸው እስከ አንገታቸው ሙሉ ናቸው። ዋንጫ ሞልቶ ወጣና መንገደኛውን ይለምን ጀመር። «ግቡ! ስለ እሷ ብላችሁ ግቡ፤ ትንሽ ተቀመጡ!» የወንዝ ማዶዋ ባልቴት ጭራሮ ተሸክማ በዚያ ስታልፍ ቀና አለች። «ቀምሻለሁ ወንድሜ። ጥሩ ጠላ ነው፤ እጃችሁ ይባረክ» ብላው መንገዷን ቀጠለች። እሱ ዋንጫውን እንደያዘ እዚያው ደጁ ላይ ተቀመጠና ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

በማግሥቱ ሙሴው ዘንድ ሄደ። «አባቴ፣ ጽዋውን ስጡኝ» አላቸው። ሽማግሌው አላንገላቱትም። «ዘግይተሃል፤ ቢሆንም ና» አሉት። ጽዋው ቤቱ ገባ። የማኅበሩ ሴቶች መጥተው ፈጩለት፣ ጠመቁለት። ቀኑ ሲደርስ ሰዉ በመደቡም በምድሩም ተጣቦ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ያወጋሉ፤ ሴቶቹ እየተጎሻሸሙ ይሣሣቃሉ፤ አንዱ ስለ ጠፋችበት ጊደር ሲያወራ ሌላው «ውሸቱን ነው!» ይለዋል። ልሂድ ብሎ የተነሣ አልነበረም።

ባለቤቱ ግን ከጓዳው በር ሥር ቆሞ ነበር።

«ና እንጂ፣ ባለ ድግስ ቆሞ ይውላል?» አለው አንዱ።

«እየሰማሁ ነው» አለ።

«ምኑን?»

«ይህን ድምፅ። እሷ ነበረች የምትፈልገው። ይኸው መጣ፤ እሷ ግን የለችም።»

ሙሴው ጠጋ ብለው ከአጠገባቸው ቦታ ለቀቁለት። ከዚያ በኋላ ሰውዬው እስኪሞት ተራውን አላጓደለም ይባላል። ጠላ ግን ጣዕሙ ጠፋበት፤ የዳጉሳውን ከገብሱ መለየት አቃተው።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ቀማሽ አንተ ነህ። አትቆጣ፤ ጠይቀኸኝ ነው። እሱ ክፉ አልሠራም፣ አንተም አልሠራህም። በፋሲካ ወንድምህ ቤት ትገባለህ፤ የልጆቹን ራስ ትዳብሳለህ፤ «አይዟችሁ» ትላለህ፤ ሳይመሽብህ ትወጣለህ። የዚያን ቤት ሐዘን ፉት ብለህ መልሰህ ለእነሱው ትሰጣቸዋለህ። መሬታቸውን አልገፋሁም አልከኝ፤ እውነትህን ነው። ግን የአገሩ እርሻ ሁሉ ሲታረስ የእነሱ ጦሙን አድሯል፤ በአጠገቡ ወደ ራስህ እርሻ በሬ እየነዳህ ታልፋለህ።

የወንድምህ ሚስት ባለፈው እሑድ እኔ ዘንድ መጥታ ነበር። ስሞታ ይዛ የመጣች መስሎኝ ነበር፤ አንተን አልከሰሰችህም። «የኔታ፣ የልጆቼ አጎት በምን ተቀይሞን ይሆን? ምን በድዬው እንደሆነ ይጠይቁልኝና ይቅርታ ልጠይቀው» አለችኝ። «እጠይቅልሻለሁ» ብዬ ሸኘኋት።

በል ተነሣ። ዝናቡ ሳይጠነክር በሬዎችህን ይዘህ ሂድ።