ሳማም ቅጠል ነው

አንዲት እናት ነበረች። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራለች። ሥራዋ መመርመር ነው። ጨርቁ በፊቷ ይጎተታል፣ እሷ ቆማ ታያለች። ክር የዘለለበትን፣ ቋጠሮ የያዘውን፣ ቀለም ያልጠጣውን በጠመኔ ምልክት ታደርጋለች። ዓይኗ ጉድ ነው! የፋብሪካው ሰዎች «ፋናዬን ያለፈ ጨርቅ ማንንም ያልፋል» ይላሉ። እሷም ይህን ስትሰማ ትኮራለች። ለምን አትኮራ? ሰው ጠንቅቆ በሠራው ቢኮራ ኃጢአት ነው እንዴ?

ታዲያ ይህች ፋናዬ አንድ ልጅ አለቻት። ትርሲት ትባላለች፣ ስምንት ዓመቷ ነው። ትርሲት ኦቲዝም አለባት። አፍ አውጥታ አትናገርም። ድምፅ ሲበዛባት ጆሮዋን ትይዛለች፣ ደስ ሲላት እጆቿን ታርገበግባለች፣ የጠርሙስ ክዳን በየቀለሙ ለይታ ስትደረድር ብታዩዋት አንዱን እንኳ አታሳስትም። የዓይኑን ነገር ከእናቷ ወርሳለች መሰለኝ።

ልጅቷ ልዩ ፍላጎት ክፍል ትማራለች። አስተማሪዋ ሰሚራ አንድ ብልሃት አስለምዳታለች። ክፍሉ ውስጥ ቅርጫት አለ። ትርሲት የጨረሰችውን ነገር፣ ያልፈለገችውን ነገር እዚያ ትጨምራለች። «በቃኝ» ማለቷ ነው። ሰሚራ አንድ ቀን እናትየዋን ጠርታ «የትርሲት እናት፣ ቤትም አንድ ቅርጫት አድርጊላት፤ ይጠቅማታል» አለቻት። ፋናዬም በሩ አጠገብ አኖረችላት።

ትርሲት ተጠቀመችበት። የጠበባት ጫማ ቅርጫት ገባ። ያልወደደችው ወጥ ከነሳህኑ ገባ። አንድ ቀንማ አክስቷ እትዬ የሺመቤት ስልኳን አስጩኻ አልዘጋ ብትል ስልኩም ገባላችሁ! ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አያችሁ፣ ልጅቷ ነገሯን ታውቃለች።

ግን እናት ናትና ፋናዬ አንድ ነገር ያምራታል። «አንዴ እማዬ ትበለኝ እንጂ ከዚያ ወዲያ ብሞትም አይቆጨኝ» ትላለች። ይህን የምትለው ጎረቤት ፊት አይደለም። ጎረቤት ፊትማ ኩሩ ናት፣ ማንም እንዲያዝንላት አትፈልግም። ለእትዬ የሺመቤት ብቻ ነው የምትናገረው። እትዬ የሺመቤት የባሏ ታላቅ እህት ናት፤ ባልየው ሾፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው፣ አጠገቧ ያለችው እሷ ናት።

እትዬ የሺመቤት ደግሞ ስትወድ ዝም ብላ መውደድ አታውቅም። አንድ እሑድ ላብ በላብ ሆና መጣች፤ በነጠላዋ ጫፍ ብልቃጥ ቋጥራለች።

«ፋናዬ፣ አገኘሁልሽ! ከሰባት ዓይነት ቅጠል የተቀመመ ነው። ምላስ ይፈታል። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት በውኃ በጥብጠሽ ትሰጫታለሽ።»

«እትዬ፣ ሐኪም ልጠይቅ ይሆን?»

«ኧረ ወዲያ! ለቅጠል ሐኪም ይጠየቃል? ቅጠል እኮ ነው! ፈጣሪ ያበቀለው ቅጠል ምን ያደርጋል?»

እዚህ ላይ ሴትየዋን አትፍረዱባት። አልቅሳ ነው የሰጠቻት። ከወንድሟ ልጅ አፍ አንድ ቃል ለመስማት አገር ለአገር ዞራ ነው ያመጣችው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንቶቻችሁ ናችሁ የታመመ ሰው ቤት ብልቃጥ ይዛችሁ የገባችሁ? አሁን «አሜን» አትበሉኝ፤ ቆይ፣ ገና ነን።

ሰኞ ጠዋት ፋናዬ ሰጠቻት። ትርሲት ፊቷን አጨማዳ ዋጠችው። ከዚያ ብልቃጡን አነሳች፣ ሄደች፣ ቅርጫት ውስጥ አስቀመጠችው። ፋናዬ ሳቀች። «መረራት» አለች፣ አወጣችውና መልሳ መደርደሪያ ላይ አኖረችው።

ማክሰኞም ሰጠቻት። ከሰዓት በኋላ የልጅቷ አንገትና የክንዷ መታጠፊያ ሽፍ አለ። ብልቃጡም እንደገና ቅርጫት ገባ። ፋናዬ ደንግጣ ለእትዬ የሺመቤት ደወለች። በዚያኛው ጫፍ የመጣው መልስ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እልልታ!

«እልልል! እሰይ! እየወጣላት ነው! ውስጧ የቆየው በቆዳዋ በኩል እየወጣ ነው! እንዳታቋርጪባት።»

ረቡዕ ሽፍታው አብጦ እንደ ጅራፍ ሰንበር ተጋደመባት። ሆዷን ትፎክታለች፣ ጀርባዋን ከግድግዳ ጋር ታፋትጋለች፣ ታለቅሳለች። «አሳከከኝ» አትል ነገር፣ ቃሉ የላትም። ብልቃጡን ቅርጫት ጨመረች፣ ማንኪያውንም አስከትላ ጨመረች። ይህ ሦስተኛዋ ነው። እትዬ የሺመቤትም ተነግሯት «አላልኩሽም? የያዛት ነገር መድኃኒቱን ጠላው! አሁን ነው መበርታት» አለች።

ወገኖቼ፣ እስቲ እዚህ ጋ ቁሙ። ሽፍ ሲልባት «መድኃኒቱ ሠራ» ተባለ። እምቢ ስትል «መድኃኒቱ ሠራ» ተባለ። ዝም ብትልም ያው ነበር የሚባለው። ታዲያ ይህች ልጅ ምን ብታደርግ ነበር የምትሰማው? በየት በር ትውጣ?

እናትየዋስ? አንዲት የዘለለች ክር ከሩቅ የምታይ ሴት፣ የልጇ ክንድ እንደዚያ ሆኖ እያየች «እሰይ» ሲሏት አመነች። ዓይኗ ደክሞ አይደለም። «እማዬ» የምትለዋን ቃል ከመፈለጓ የተነሣ የልጇን ቆዳ ማየት አቃታት። ምኞት እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ እኔንም እናንተንም አድርጎናል።

ሐሙስ ጠዋት አራተኛውን ሰጠቻት። ብዙም አልቆየ። የልጅቷ ከንፈር አበጠ። የዓይኗ ቆብ አበጠ። ትንፋሿ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። በዚያ ባበጠ ዓይኗ እየዳበሰች ብልቃጡን አገኘችው፣ ቅርጫት ውስጥ ጨመረችው። ግን ዛሬ እዚያ አልተወችውም። ቅርጫቱን ራሱን በሁለት እጇ አንስታ መጣችና የእናቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

ፋናዬ ቅርጫቱን አየች። ልጇን አየች። «ወይኔ!» አለች። «ወይኔ ልጄን! ከሰኞ ጀምሮ ስትነግረኝ ነው የከረመችው!»

ነጠላ አልፈለገች፣ ጫማ አልፈለገች። ልጇን አቅፋ፣ ቅርጫቱን በክንዷ አንጠልጥላ በባዶ እግሯ ባጃጅ ውስጥ ገባች። እትዬ የሺመቤትም ተደውሎላት ሆስፒታሉ በር ላይ ደረሰች።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ሥዩም ይባላል። ልጅቷን እንዳየ መርፌ ጭኗ ላይ ወጋት፣ ኦክስጅን አስገባላት። እጁ እየሠራ አፉ ይጠይቃል። «ምን በላች? ምን ጠጣች? አዲስ የሰጣችኋት ነገር አለ?»

እትዬ የሺመቤት ፋናዬን ጎኗን ቆነጠጠቻት። «እንዳትናገሪ! ልጇን መረዘች ይሉሻል።»

ይህን ቁንጥጫ የማታውቁት ካላችሁ እጃችሁን አውጡ። እኛ ሐኪም ቤት የምንሄደው ቅጠሉን ቤት ደብቀን አይደለም ወይ? «ምንም አልወሰድኩም ዶክተር» እንላለን፤ የጠጣነው ገና ከጉሮሯችን አልወረደም።

ፋናዬም ልትደብቅ ምክንያት ነበራት። ስሟ ነው። በሥራዋ ነቀፋ የማታውቅ፣ ጎረቤት እንዲያዝንላት የማትፈልግ ሴት ናት። አሁን አፏን ብትከፍት የምትወጣው ቃል «እኔ ነኝ» የምትል ናት። ዝም ብትልስ? ልጅቷ ምን እንደነካት ሳይታወቅ ትቆያለች፤ ተርፋ ቤት ብትገባም ያው ብልቃጥ ይጠብቃታል።

ፋናዬ ቀና አለች። «ዶክተር፣ እኔ ነኝ» አለች። «አራት ቀን በገዛ እጄ ሰጠኋት። ይኸው።» ቅርጫቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

እኔ በዚህች ሴት እኮራለሁ! ዛሬ እዚህ ቆሜ ስሟን የማነሣው ሳትሳሳት ቀርታ አይደለም። ስህተቷን በሁለት እጇ ይዛ ሰው ፊት ጠረጴዛ ላይ ያኖረች ሴት ማግኘት ቀላል ነው እንዴ?

ሐኪሙ አልተቆጣም። «መናገርሽ በጀን» አላት፤ ዱቄቱን አየ፣ አሸተተ። እትዬ የሺመቤት ግን አላስቻላትም። «ቅጠል ነው ብለን እኮ ነው፣ ልጄ። ቅጠል ምን ያደርጋል ብለን።»

«እናቴ» አላት ሐኪሙ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ሳማም ቅጠል ነው።»

እትዬ የሺመቤት ብልቃጡን ቋጥራ ያመጣችበትን የነጠላዋን ጫፍ አየች።

ከዚያ አስረዳቸው። «የልጅቷ ሰውነት ከዚህ ውስጥ በአንዱ ተቆጥቷል፤ አለርጂ ነው። ከሰባቱ የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ የተቀላቀለ ነገር ክፋቱ ይህ ነው። ኦቲዝም ደግሞ አፈጣጠሯ ነው፣ በሽፍታ የሚወጣ ነገር አይደለም። ሽፍ ሲል ማቆም ነበር። መናገር የማይችል ልጅ ሲሆን ደግሞ ቆዳውንም ጠባዩንም አብዝቶ ማየት ነው።»

ከሰዓት በኋላ የትርሲት ትንፋሽ ረጋ። የከንፈሯ እብጠት ጎደለ፣ ዓይኗን ከፈተች፤ የሐኪሙን የብዕር ክዳን ነቅላ መልሳ ስትገጥም ሰዎቹ ሁሉ ተነፈሱ። ሐኪሙ ካርዷን መሙላት ጀመረ። እዚያ ካርድ ላይ አንድ መስመር አለ፤ የሕመሙን ሁኔታ ያስረዳው ማን እንደሆነ ይጻፍበታል። «እናት» ብሎ ጻፈ።

«ዶክተር፣ ይሰርዙት» አለች ፋናዬ።

«ምኑን?»

«እናት የሚለውን። ያስረዳችው ልጄ ናት። ሰኞ ነገረችኝ፣ ማክሰኞ ነገረችኝ፣ ረቡዕ ነገረችኝ፤ ዛሬ ጭኔ ላይ አምጥታ አስቀመጠችልኝ። እኔ ተሸክሜ ማምጣት ብቻ ነው ያደረግሁት።»

ሐኪሙ ትንሽ አያትና ሰረዘው። በቦታው «ልጅቷ ራሷ» ብሎ ጻፈ። ፋናዬ ካርዱን ተቀብላ ደጋግማ አነበበችው። በሥራዋ ስንት ዓመት ስትመሰገን ኖራለች፤ እንደዚያ ቀን ግን ደረቷ ሞልቶ አያውቅም።

ትርሲት እስካሁን «እማዬ» አላለችም። ላትልም ትችላለች። ፋናዬን ግን መንገድ ላይ አግኝታችሁ «ልጅሽ አፍ ፈታች ወይ?» ብላችሁ ጠይቋት። ድሮ አንገቷን ትደፋ ነበር። ዛሬ «ልጄ ትናገራለች፤ እኔ ነኝ ዘግይቼ የሰማሁ» ብላ ትመልስላችኋለች። እትዬ የሺመቤትንማ ተዉአት! አንዲት ሴት በቀደም ለትርሲት የሚሆን ቅባት ይዛ ብትመጣ በሩ ላይ ቆማ «መጀመሪያ ለሐኪሟ አሳይተሻል?» ብላ መለሰቻት አሉ።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። የታመመ ቤት ስትሄዱ ፍቅራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ብልቃጣችሁ ግን በሐኪም በኩል ይለፍ። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ የሰጣችሁትን አትደብቁ። ፈጣሪ ፊትስ ቢሆን? እኛ እኮ ስንጸልይ ቁስሉን እናሳየዋለን፣ በገዛ እጃችን የሰጠነውን ግን ከነጠላችን ሥር እንሸሽጋለን። «ፈውስልኝ» እንላለን፣ «እኔ ነኝ» አንልም።

ደግሞስ በቤታችሁ እምቢ እያለ የከረመ ማን አለ? መድኃኒት የማይቀበል አባት አለ? ትምህርት ቤት አልሄድም የሚል ልጅ አለ? ከእናንተ ጋር አልበላ ያለች እናት አለች? ስሙን «ጠባይ» ብላችሁታል። «ግትርነት» ብላችሁታል። አንዳንዳችሁማ «የያዘው ነገር ነው» ብላችሁ እኔ ዘንድ ይዛችሁት መጥታችኋል። አንድ ጊዜ እንኳ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ «ምን እያልከኝ ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁታል?

ዛሬ ቤት ስትገቡ ጠይቁት። መልሱ ያሳፍራችሁ ይሆናል፤ ጥፋቱ የእናንተ ሆኖ ይገኝ ይሆናል። ይሁን! «እኔ ነኝ» በሉ። ከዚያ ስለዚያ ሰው የሚጠይቃችሁ ሲመጣ፣ ቀና ብላችሁ «እሱ ነው የነገረኝ» ብላችሁ መልሱ። አሁን «አሜን» ማለት ትችላላችሁ።