አልሰበር ያለው የክሊኒኩ ዲስክ

ሥራ ያለበት ይሂድ፣ ጊዜ ያለው ጠጋ ብሎ ይቀመጥ። የማወራው የአንዲት ሴት ጉዳይ ነው፤ ለማንም ሳላዳላ የሆነውን እንደሆነው እናገራለሁ።

ከመናኸሪያው ጀርባ ፉል ቤት ያላት ወይዘሮ የሺመቤት የምትባል ሴት ነበረች። እዚያው ሰፈር ያለው የግል ክሊኒክ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ቅዳሜ በጨረታ ሊሸጥ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ዲስክ አለ፣ ዲስኩ ውስጥ የታካሚ ሁሉ ስም ከነበሽታው አለ፤ የእሷም ስም እዚያው ነው። ዲስኩ ሳይሸጥ ስሜ ይጥፋልኝ አለች። የፈለገችው ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር የለም።

«ታዲያ ምን አስጨነቃት?» ትሉኝ ይሆናል። አምና ክሊኒኩ የቆየ የታካሚ ካርድ በኪሎ ሸጦ ነበር። ገዢው ለቆሎ ሻጮች ቸረቸረው፣ ቆሎ ሻጮቹም ቆሎ ጠቀለሉበት። ሰፈሩ ቆሎውን እየቆረጠመ ካርዱን አነበበ። የአንድ ልብስ ሰፊ ኪንታሮት ከነመድኃኒቱ ሦስት ቀን ሙሉ ተነበበ፤ በአራተኛው ቀን ሰውዬው ዕቃውን ጭኖ ከሰፈር ወጣ። የሺመቤት ደግሞ የምትሸጠው ምግብ ነው። የእሷ በሽታ ቢነበብ ፉሏን የሚቀምስላት አይኖርም፤ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ነው።

ዓርብ፣ የቁርስ ሰዓት ሲያልፍ፣ ቤቷን ዘግታ የክሊኒኩ ኮምፒውተር ሠራተኛ ትርሲት ጋ ሄደች። «የኔ ልጅ፣ ስሜን ከዲስኩ አጥፊልኝ» አለቻት።

«አጥፍቼዋለሁ እትዬ፣ ግን አልጠፋም» አለች ትርሲት። «የቤት ቁጥር ከበር ላይ እንደመፋቅ ነው፤ ሰውዬው ውስጥ ተቀምጧል። የገዛው ሰው ኮምፒውተር ቤት ወስዶ ያስመልሰዋል። መሰበር ነው ያለበት። መዶሻ ያለው ጋሽ ቦጋለ ጋ ነው።»

ጋሽ ቦጋለ የክሊኒኩ ጥገና ሠራተኛ ነው። «ጋሽ ቦጋለ፣ ዲስኩ ስሜን አልለቅም አለ፤ እኔም ቤቴ አልገባም። በሞቴ ስበርልኝ» አለችው።

«ኧረ የኔ እመቤት! የድርጅት ንብረት ቀጥቅጬ ከሥራ ልባረርልሽ? ደብዳቤ አምጪ፣ እሰብራለሁ። ለመሆኑ ምን አሞሽ ነበር?»

«ብርድ» አለችና ወደ ጸሐፊዋ ወደ እቴነሽ ሄደች። «እቴነሽ እህቴ፣ መዶሻው ዲስኩን አልመታም አለ፣ ዲስኩ ስሜን አልለቅም አለ፤ እኔም ቤቴ አልገባም። ደብዳቤ ጻፊልኝ።»

እቴነሽ ደግ ናት፣ ወዲያው ጻፈችላት። ግን ደብዳቤውን አልሰጠቻትም። «ማህተም የሌለው ደብዳቤ ለጋሽ ቦጋለ ወረቀት ነው፤ መነጽሩን አድርጎ የሚፈልገው ማህተሙን ነው። ማህተሙን ሥራ አስኪያጁ ቆልፈውበታል። ምን ነበር ግን ያመመሽ?»

«ብርድ ነዋ» አለችና ወደ ሥራ አስኪያጁ ወደ አቶ ወልደሰንበት ገባች። «ጌታዬ፣ ደብዳቤው መዶሻውን አላነሳም አለ፣ መዶሻው ዲስኩን አልመታም አለ፣ ዲስኩ ስሜን አልለቅም አለ፤ እኔም ቤቴ አልገባም። ማህተም ይምቱልኝ።»

አቶ ወልደሰንበት በትዕግሥት ሰሟት፤ ይኼን አልክድም። «ወይዘሮ የሺመቤት፣ ማህተም እንደ ጥፊ ዝም ብሎ አይመታም። ንብረት የሚወገደው ኮሚቴ ተቀምጦ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ ነው። ኮሚቴው እኔ፣ እቴነሽና የንብረት ክፍሉ አቶ ሽብሩ ነን። እሱን ያምጡልኝ፣ አሁኑኑ እንቀመጣለን። ሕመምዎ ምን ነበር?»

«ብርድ!» አለች፤ ወይ ጣጣ፣ ድምጿ ከፍ ብሎ ነበር። በጓሮ ዞራ ወደ ንብረት ክፍል ሄደች። «አቶ ሽብሩ፣ ኮሚቴው ማህተሙን አላዝም አለ፣ ማህተሙ ደብዳቤው ላይ አላርፍም አለ፣ ደብዳቤው መዶሻውን አላነሳም አለ፣ መዶሻው ዲስኩን አልመታም አለ፣ ዲስኩ ስሜን አልለቅም አለ፤ እኔም ቤቴ አልገባም። እባክዎ ይምጡና ይቀመጡ።»

አቶ ሽብሩ ትልቁን የንብረት መዝገብ ገለጠ። «ተራ ቁጥር አሥራ አንድ፣ ኮምፒውተር፣ ከነሙሉ ዕቃው። ከነሙሉ ዕቃው ነው የሚለው፣ አየሽ? ዲስኩ ከወጣ ጎደለ ማለት ነው። አሥራ ስድስት ዓመት በዚህ መዝገብ አንድ ብሎን ጎድሎ አያውቅም።»

«ብሎኑስ ይሁን። ሰውስ ተጽፏል?»

«ዕቃ ነው የሚጻፈው፣ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?»

የሺመቤት ደሟ ፈላ። «እንግዲህ ይስሙኝ! መዝገቡ ኮሚቴውን አላስቀምጥም አለ፣ ኮሚቴው ማህተሙን አላዝም አለ፣ ማህተሙ ደብዳቤው ላይ አላርፍም አለ፣ ደብዳቤው መዶሻውን አላነሳም አለ፣ መዶሻው ዲስኩን አልመታም አለ፣ ዲስኩ ስሜን አልለቅም አለ፤ እኔም ቤቴ አልገባም! ብርድ አልነበረም ያመመኝ። ሳንባ ነቀርሳ ነው። ስድስት ወር መድኃኒት ውጬ ድኛለሁ፣ ዶክተሩም ድነሻል ብሎኛል። ሰፈሩ ግን ድናለች አይልም። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እኔን ነው ለጨረታ የምታወጡኝ!»

አቶ ሽብሩ በዚያው ዕለት ጠዋት የእሷን ፉል በልቶ ነው ሥራ የገባው። እጁ ሳያስበው ወደ ሆዱ ሄደ፤ እሷም አየችውና አንገቷን ደፋች። ከተናገረች በኋላ እንደ ማፈርም፣ እንደ መቅለልም አላት።

«ዲስኩ ላይ ያለው...» አለ አቶ ሽብሩ፣ «የውጭ ታካሚ ብቻ ነው?»

«የታከመ ሁሉ አለበት ብላኛለች ትርሲት።»

የክሊኒኩ ሠራተኛ እዚያው በነፃ ነው የሚታከመው። አቶ ሽብሩ ምን አሞት እንደነበር አልተናገረም፤ እኔም አላውቅም። ብቻ እስክሪብቶውን አነሳና በተራ ቁጥር አሥራ አንድ «ከነሙሉ ዕቃው» የሚለውን ሰርዞ «ያለ ዲስክ» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመበትም።

ከዚያ ወዲያማ ምን ልበላችሁ! መዝገቡ ኮሚቴውን አስቀመጠ፣ ኮሚቴው ማህተሙን አዘዘ፣ ማህተሙ ደብዳቤው ላይ አረፈ፣ ደብዳቤው መዶሻውን አነሳ፣ ትርሲትም ዲስኩን ፈታ አውጥታ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። ጋሽ ቦጋለ መዶሻውን ለየሺመቤት ሰጣት። «ያንቺ ጉዳይ ነው፣ አንቺ ጀምሪው» አላት።

አንዴ መታችው፤ ሽፋኑ ተሰነጠቀ። «ውስጡ ያለው ክቡ ነገር እስኪደቅ ነው» አለች ትርሲት።

«እስቲ አምጪው» አለና አቶ ሽብሩ መዶሻውን ተቀብሎ ሦስት ጊዜ መታ። እቴነሽም «እኔም አንዴ» ብላ ጫማዋን አውልቃ በመዶሻው መታች። አቶ ወልደሰንበት ኮታቸውን አወለቁ፣ ለትርሲት አስያዙና መቱ። ኮቱን መልሳ ትርሲትም መታች። ጋሽ ቦጋለ መጨረሻ ላይ መዶሻውን ተቀብሎ ከሁሉም በላይ ቀጠቀጠው፤ ደብዳቤ ሲጠይቅ የዋለው ሰውዬ! ማንም ማንንም «ምን አሞህ ነበር?» አላለም።

የሺመቤት ቤቷ ገባች፣ ግን እንቅልፍ አልወሰዳትም። ዲስኩ ላይ ያለው ስሟ ደቅቋል፤ አቶ ሽብሩ ግን በጆሮው ሰምቷል።

ቅዳሜ ከጨረታው በፊት አቶ ሽብሩ ወደ ፉል ቤቷ ገባ። ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር። መሐል ካለው ጠረጴዛ ተቀመጠና «የሺመቤት፣ ፉል» አለ ጮክ ብሎ። አቀረበችለት። ቆማ እያየችው እስከ መጨረሻው በላ፣ የቀረውን በዳቦ ጠረገና «ጨምሪልኝ» አለ።

እኔ የያዝኩትን አራግፌያለሁ፤ እናንተ ደግሞ ጉሮሮዬ ደርቋልና ውሃ አቀብሉኝ።