ቀናሁብሽ ያለችው ዘርትሁን

ድሮ ነው። ጭጋግ ከሰው ጋር ደጃፍ ላይ ይቀመጥ በነበረበት፣ ሰውም ሀብቱን በበግ ላት ይለካ በነበረበት ዘመን ነው። እኔ አልነበርኩም። አያቴም አልነበሩም። የነበሩት ለአያቴ የነገሯቸውን፣ አያቴ ደግሞ ለእኔ የነገሩኝን ነው የምነግራችሁ። ውሸት ከሆነም ውሸቱ የእነሱ ነው፤ እኔን እንዳትይዙኝ።

አስታ በር የሚባል ብርዳም አገር ነበር። በዚያ አገር ዘርትሁን የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅ አልወለደችም፣ ያላት አንድ ጎጆና አንድ የበግ ጉረኖ ነው። መልኳ አይወራም። ዘሯ አይወራም። የሚወራው ቅናቷ ነበር። ቅናት ስላችሁ የእናንተ ዓይነት ቅናት እንዳይመስላችሁ። ምሳዋ ቀርቦላት የጎረቤቷ ጭስ ሲወጣ ካየች፣ "እሷ ደግሞ ዛሬ ምን ልትበላ ይሆን?" ብላ የራሷ እህል ጉሮሮዋ ላይ የሚቀርባት ሴት ነበረች።

በአገሩ ሁሉ አትቀናም። የምትቀናው በአንዲት ሴት ብቻ ነው፤ አጥር በምትጋራት በበለጥሻቸው። ስሟ ራሱ ያንገበግባታል። "ማንን ነው የበለጠችው?" ትላለች ብቻዋን ስትሆን። በለጥሻቸው ጥቁር አውራ በግ ነበራት። አጭር ነው፣ ደንዳና ነው፣ ፀጉሩ ጉልበቱ ድረስ ወርዷል፣ ላቱ ሰፊ ነው። የእሱ ግልገሎች በረዶ ወርዶባቸው ያድሩና ጠዋት ይቦርቃሉ።

የዘርትሁን በጎች ክልስ ነበሩ። ባሏ በሕይወት ሳለ ከቆላ ገበያ አውራ ነድቶ አምጥቶ፣ ከደጋ በጎቹ ጋር አዳቅሎ የተወላት ናቸው። እግራቸው ረጅም፣ ወተታቸው ጥሩ፣ ዳሌያቸው ጠባብ፣ ፀጉራቸው ስስ ነው። ካፊያ ሲነካቸው ይንዘፈዘፋሉ። መንገደኛ ሲያያቸው "እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ" እያለ ይስቃል። ክረምት በመጣ ቁጥር ግልገሎቿ ያልቃሉ። ከወንዝ ማዶ የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ጥላዬ ደግሞ በየጊዜው ይመጣና፣ "በግሽ ካለቀ ጎጆ ምን ይሠራልሻል? ዝጊውና እኔ ዘንድ ነይ" ይላታል። እሱ ዘንድ መሄድ ማለት በወንድም ሚስት ጓዳ፣ በወንድም ሚስት ትእዛዝ፣ እስከ ዕድሜ ልክ ጥገኛ መሆን ነው። ዘርትሁን ይህን ከሞት አስበልጣ ትፈራው ነበር።

መድኃኒቱ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ያመሰኳል። "ጥቁሩን አውራ አውሺኝ በያት እንጂ፣ ጎረቤትሽ አይደለችም?" ይሏታል ሰዎች።

"እሷን ከምለምን ዓይኔ ይጥፋ!" ትላለች ዘርትሁን።

አንድ ዓመት አጥሩን ተደግፋ አየች። አየች፤ ቀናች፤ ገበያ ወረደች። አውራ ልትመርጥ ነው። ሻጩ ብዙ በግ አሳያት። አንዱን "ያጥራል" አለች። አንዱን "አጥር ላይ አይታይም" አለች። ሻጩ ግራ ገባው። "እሜቴ፣ በግ ነው የሚፈልጉት ወይስ ባንዲራ?" አላት። በመጨረሻ አንድ ቀይ አውራ ገዛች። ቁመቱ የጥጃ ያህላል፣ ቀንዱ ሁለት ጊዜ ተጠምዝዟል፣ ጭንቅላቱ ትልቅ ነው። እግዜር ያሳያችሁ፣ ለክልስ በጎቿ የሚበጀው ፀጉር ነው፤ እሷ ቁመት ገዛች። አውራውን የመረጠችው ለበጎቿ ሳይሆን ለበለጥሻቸው ዓይን ነበር።

ቀዩን አውራ በየካቲት ለቀቀችው። በለጥሻቸው በዚያ ወቅት ለጥቁሩ አውራ ሆዱ ላይ የቆዳ ሽርጥ አስራለት ነበር፤ ሴት በግ ላይ እንዳይደርስ። ዘርትሁን ሽርጡን አይታ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "አውራውን ቀሚስ አለበሰችው!" አለች። ምክንያቱን አልጠየቀችም። የቀና ሰው መቼ ይጠይቃል? በግ አምስት ወር ነው የሚያረግዘው። የካቲት የተለቀቀ አውራ በሐምሌ ያስወልዳል። ሐምሌ መጣ፣ በረዶውም መጣ፣ ግልገሎቹም መጡ። ጭንቅላታቸው እንደ አባታቸው ትልቅ፣ የእናቶቹ ዳሌ ጠባብ። ሁለት እናት በጎች በምጥ ሞቱ። የተወለዱትም እንደ አባታቸው ፀጉረ ስስ ነበሩ፤ ጭቃው ላይ ተንቀጥቅጠው ቀሩ። ዘርትሁን አለቀሰች። ስታለቅስም በአጥሩ ቀዳዳ ታይ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ቀዩን አውራ ሸጠችው። በግጦሽ ሜዳ ላይ ከማንም አውራ የተጸነሱ ጥቂት ግልገሎች በጥቅምት ደረሱላት። እነሱን ከክረምቱ ማዳን ነው አሁን ነገሩ። በለጥሻቸው በግንቦት ጉረኖዋን ለክረምት ስታዘጋጅ፣ ዘርትሁን አጥሩን ተደግፋ አየች። አየች፤ ቀናች፤ ጭቃ አቦካች።

በለጥሻቸው ድርቆሽ ከመረች፤ ዘርትሁን ከእሷ ከፍ አድርጋ ከመረች። በለጥሻቸው የባቄላ ገለባ ሰበሰበች፤ ዘርትሁን የባቄላም የገብስም ሰበሰበች። በለጥሻቸው የጉረኖውን ግድግዳ በእበትና በጭቃ መረገች፤ ዘርትሁን ግድግዳውንም ጣራ ሥሩንም መረገች። አንዲት የመርፌ ቀዳዳ አልተወችም። ስትጨርስ እጇን በወገቧ አድርጋ ቆመች። "አሁንስ ማን በለጠ?" አለች።

ክረምቱ ገባ። በጎቹ ከውስጥ ሞቃቸው። መጀመሪያ ደስ አላቸው፣ ቀጥሎ አላባቸው፣ ቀጥሎ ሳሉ። የሽንታቸው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። በነሐሴ ግልገሎቹ አፍንጫቸው እየፈሰሰ አንድ በአንድ ወደቁ። ዘርትሁን በለጥሻቸውን ረገመች። "ምሥጢር ደብቃብኝ ነው!" አለች። ምሥጢር አልነበረም። በለጥሻቸው ከጣራው ሥር አየር መግቢያ ትታ ነበር፤ የተወችው ግን በጓሮው በኩል ነው። ከአጥሩ ወዲህ ሆኖ የሚያይ ሰው አያየውም። ዞሮ ገብቶ የሚጠይቅ ግን ያየዋል።

በዚያ መስከረም ወንድሟ ጥላዬ መጣ። ጉረኖውን አየ። ጥቂት እናት በጎች ብቻ ቆመዋል።

"እህቴ፣ የሚቀጥለውን ክረምት ብቻ ታገስኩሽ" አላት። "እነዚህም ካልተረፉ በመስከረም በቅሎ ይዤ እመጣለሁ። እምቢ እንዳትይኝ።"

"አያ ጥላዬ፣ ይተርፋሉ" አለችው። አፏ ይተርፋሉ አለ፤ ሆዷ ግን አላመነም።

ሦስተኛው ዓመት ደረሰ። የግንቦት ልደታ ዕለት የአስታ በር ሴቶች ንፍሮአቸውን ይዘው ከትልቁ ዛፍ ሥር ወጡ። በለጥሻቸውም ወጣች። ጥቁሩ አውራ ሽርጡን እንደታጠቀ ሜዳው ላይ ይግጣል፤ እሷ ዘወትር ከልደታ በኋላ ነው የምትፈታው። ዘርትሁን አጥሩን ተደግፋ አየች። አየች፤ ቀናች፤ ቢላዋ ያዘች።

እናት በጎቿን ነድታ ወደ ሜዳው ሄደች። የሽርጡን ጠፍር ልትቆርጠው ነው። ማን ያውቃል? አውራ በራሱ ሽርጥ በጠሰ ይባላል፣ በጎቿም በአጋጣሚ እዚያ ነበሩ ይባላል። ጎንበስ ብላ ጠፍሩን ቆረጠች። አውራው ግን ስለ ቅናት የሚያውቀው ነገር የለም። ዞር አለና በግንባሩ አነሣት። ዘርትሁን ቢላዋዋ ወዲያ፣ ነጠላዋ ወዲህ፣ ራሷ የበጎቹ አዛባና ጭቃ ውስጥ ዘፍ አለች።

ጩኸቷን ሰምተው ሴቶቹ ከዛፉ ሥር ሮጠው መጡ። በለጥሻቸው ከፊት ነበረች። የተቆረጠውን ጠፍር አየች፣ ቢላዋውን አየች።

"በጌን ልታርጂብኝ ነው?" አለች።

"የጎረቤት ሌባ ሲያዩት ይስቅ፣ ሳያዩት ይሰርቅ" አለች አንዲት ባልቴት ከኋላ።

ዘርትሁን ከአዛባው ተነሣች። ውሸቷን አዘጋጅታ ነበር። "አውራው በራሱ በጠሰው" ማለት ትችል ነበር። ግን የሁለት ክረምት ግልገሎች ትዝ አሏት፣ የወንድሟ በቅሎ ትዝ አላት። ያዘጋጀችው ቀረና ያላዘጋጀችው ወጣ።

"አልሰረቅሁም" አለች። "ቀናሁብሽ። በለጥሻቸው፣ ቀናሁብሽ። በበግሽም፣ በጉረኖሽም፣ በስምሽም ቀናሁብሽ።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሴቶቹ ወደ ኋላ ሸሹ። አማተቡ። ያን ጊዜ በሰው ከብት ላይ ቀናሁ ብሎ በአደባባይ የሚናገር ማን አለ? ባልቴቷ እንትፍ እንትፍ አለችና፣ "ቡዳ ናት! በገዛ አፏ ተናገረች!" አለች። ይህ ስም አንዴ ከተለጠፈባት እሳት የሚያጭራት እንኳ አታገኝም። ዘርትሁን ይህንንም ታውቃለች። ጭቃዋን እንኳ ሳትጠርግ ቆማ ጠበቀች።

በለጥሻቸው የተቆረጠውን ጠፍር ከመሬት አነሣች። ኋላ ወደ ባልቴቷ ዞረች።

"እማማ፣ የሚበላስ ዝም ብሎ ይበላል" አለቻት። "የነገረኝን ምን እፈራዋለሁ? የምፈራው ያልነገረኝን ነው።"

ከዚያ ዘርትሁንን አየቻት። "ቀናሁብሽ አልሽኝ?"

"አዎ።"

"ይቅናሽ!" አለቻት።

ቋንቋችን እኮ ጉደኛ ነው። በሰው የቀናም ቀና ይባላል፣ ነገሩ የተሳካለትም ቀናው ይባላል። በለጥሻቸው አንዱን ተቀብላ ሌላውን መለሰችላት። ከመንጋዋ ውስጥ ገብታም አንድ ለጋ አውራ ይዛ መጣች። የጥቁሩ ልጅ ነው፤ ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጭንቅላቱ ትንሽ። ገመዱን በዘርትሁን እጅ አስጨበጠቻት።

ዘርትሁን ምን አለች መሰላችሁ? አመሰገነች? ምስጋናዋ ገና ከአፏ ሳይወጣ ቅናቷ ቀደመ። "ትልቁን ነፈገችኝ!" አለች በሆዷ። ፊቷ ላይ ሳይታይ አልቀረም፤ በለጥሻቸው ሳቀች።

"ትልቁን ብሰጥሽ እናቶቹን ይገድልብሻል" አለቻት። "በጎችሽ ክልስ ናቸው፣ ዳሌያቸው ጠባብ ነው። ለእነሱ የሚበጀው ጭንቅላተ ትንሹ ነው። ዛሬ ልቀቂው፤ ጥቅምት ላይ ሣር ጠግበው ይወልዳሉ። አሁን ደግሞ ነይ፣ በጓሮ በኩል ዙሪና ጉረኖዬን እዪ። በግም እንደ ሰው ይተነፍሳል።"

ዘርትሁን ለመጀመሪያ ጊዜ አጥሩን ዞረች። ቀዳዳውን አየች። "እዚህ ነበር እንዴ!" ብላ ጭንቅላቷን ያዘች። ቤቷ ሄዳ የደፈነችውን ከፈተች፣ ወለሉን በደረቅ ሣር ጎዘጎዘች፣ የጎርፉን ቦይ ቀደደች። ክረምቱ መጣ፣ በረዶውም መጣ። ያረገዙት በጎች ድርቆሻቸውን እየበሉ ተቀመጡ። አልሳሉም። በመስከረም ወንድሟ ጥላዬ በቅሎውን ጭኖ ሊወስዳት መጣ። በጎቹን ሆዳቸው ተነፍቶ አገኛቸው። ጠላውን ጠጣ፣ ጎጆዋን ዞር ዞር ብሎ አየ፣ በቅሎውን ባዶዋን ይዞ ተመለሰ። በጥቅምት ግልገሎቹ ተወለዱ፤ እንደ እናቶቻቸው እግረ ረጅም፣ እንደ አባታቸው ፀጉራም።

ቅናቷ ለቀቃት ወይ ብትሉኝ፣ አለቀቃትም። ሰው ከዓይኑ ወዴት ይሸሻል? ነገር ግን መላ አገኘችለት። በየዓመቱ በልደታ ዕለት፣ ጥሩ አውራ ካለው ሰው ደጅ ሄዳ ቆማ "ቀናሁብህ" ትለው ጀመር። ሰውየው መጀመሪያ ይደነግጣል። ኋላ ይስቃል፣ ኋላ "ይቅናሽ" ብሎ አውራውን ያውሳታል። ሌሎችም ከእሷ ተማሩ። በአስታ በር በሆዱ የሚቀና እያነሰ ሄደ። ደጁ ላይ ማንም ሳይመጣለት ልደታ ያለፈበት ሰው ያፍር ጀመር።

ዘመን ሄደ። የበለጥሻቸው ጥቁር አውራ አረጀና ሞተ። መንጋዋ ከአንድ አባት የተወለደ ስለሆነ እርስ በርሱ ሲዳቀል ከርሞ፣ ግልገሎቹ እየኮሰመኑ፣ እግራቸውም እየተጣመመ መጣ። የዘርትሁን ጉረኖ ግን ከየደጁ በተዋሰችው አውራ ደም ሞላ። እሷም አረጀች፣ በለጥሻቸውም አረጀች።

አንድ የልደታ ዕለት የዘርትሁን በር ተንኳኳ። ወጣች። በለጥሻቸው በትሯን ተደግፋ ቆማለች። ወደ ጉረኖው አየች፤ ወደ መሬት አየች።

"ዘርትሁን" አለች ቀስ ብላ፣ "ቀናሁብሽ።"

ዕድሜ ልኳን ይህችን ቃል ከዚህ አፍ ለመስማት ስትመኝ ኖራለች፤ መመኘቷን እንኳ ያወቀችው አሁን ነው። እንባዋ መጣ። እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች፣ ጆሮዋን ወደ በለጥሻቸው አስጠጋች።

"እስኪ ድገሚው" አለች።

በለጥሻቸው ትክ ብላ አየቻት። ኋላ ሁለቱም አሮጊቶች በሩ ላይ ተያይዘው እስኪንገዳገዱ ሳቁ። በለጥሻቸውም ደገመችው። ዘርትሁን "ይቅናሽ" አለቻትና ምርጡን አውራ፣ የራሷን ዓይን ብሌን፣ ገመዱን ይዛ ሰጠቻት።

ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ድረስ በአስታ በር፣ በልደታ ዕለት አውራ በግ ሊዋስ የመጣ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ "ቀናሁብህ" ብሎ ዝም የሚለው። ባለበጉም እየሰማ እንዳልሰማ ሆኖ "እስኪ ድገመው" ይለዋል። ሳያስደግመው "ይቅናህ" አይለውም። የመጀመሪያው ለአውራው ነው። ሁለተኛው ለዘርትሁን ነው።