ለሳንቃዋ የታጩት ሦስት ሞተሮች

ጠጋ በሉ እስቲ። ጆሮ ያለው ጆሮውን፣ ጆሮው የደከመም የጎረቤቱን ተውሶ ይምጣ። ልጀምር? "ጀምር" በሉኛ! እንግዲህ ስሙ።

ድሮ፣ ድሮ፣ እንስሳት እድር በነበራቸው፣ ሞተርም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ከአንድ ዳገት ሥር አያ ኤሊ የሚባል ይኖር ነበር። ደግ ነበር፤ ለቅሶም ይወድ ነበር። ግን አይደርስም። ምኑን ይደርሳል! አያ በሬ የሞተ ጊዜ እያለቀሰ ከቤቱ ወጣ፤ ሲደርስ ሰልስቱ አልፎ ድንኳኑ ፈርሷል። እትዬ ሚዳቋ የሞተች ጊዜ ደግሞ በሩጫ ወጣ፤ ሲደርስ ተዝካሯ ተበልቶ ሳህን እየታጠበ ነበር።

የእድሩ ዳኛ አያ ከርከሮ ተቆጣ።

"ስማ አያ ኤሊ! በደንባችን ሦስት ቀብር የቀረ ይሰረዛል። ሁለት ቀርተሃል። አንድ ብትደግም፣ በሞትክ ቀን ጡሩምባ የሚነፋልህ፣ ጉድጓድ የሚቆፍርልህ የለም። እዚያው ድንጋይ መስለህ ትቀራለህ!"

ኤሊ ደነገጠ። ሞቶ እንኳ አላፊ አግዳሚው ድንጋይ መስሎት ሲቀመጥበት ታየው።

በዚያው ሰሞን ከዳገቱ አናት የምትኖረው እማማ ፍየል በጠና ታማለች ተባለ። ከተኛች ሦስት ወሯ ነው አሉ። ብትሞት የምትቀበረውም እዚያው አናት ላይ ነው።

"ወይ ጉዴ! ይቺ ሳልደርስ ልትሞትብኝ ነው!" አለ ኤሊ። ልብ አድርጉ፤ ያዘነው ለእሷ አይደለም፣ ለራሱ ነው።

ቶሎ ብሎ ከአሮጌ አልጋው አንድ ሳንቃ ነቀለ፤ አራት ጎማ ገጠመላት፤ ባትሪ አሸከማት። ዛሬ ልጆች ስኬትቦርድ የሚሏት ማለት ናት። የቀራት ሞተር ብቻ ሆነ። ለምክርም ጎረቤቱን እመት ጃርትን ጠራ። ጃርት በዚያ አገር ያላጋባችው የለም።

"ሞተር መምረጥ ማለት ባል መምረጥ ማለት ነው" አለች እሾኋን እያበጠረች። "ዘሩን እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ነው። ሌላው ትርፍ ነገር ነው።"

"እኔን የሚጠይቀኝ የለም?" አለች ሳንቃዋ።

"ሙሽራ ዝም ትላለች!" አለች ጃርት።

መጀመሪያ የመጣው ጎማ ውስጥ የሚኖር ሞተር ነው።

"የማን ልጅ ነህ?" አለች ጃርት።

"አያቴ በትልቅ ሆቴል የታወቁ ሊፍት ነበሩ። ሹማምንት ሲያወጡ፣ ሹማምንት ሲያወርዱ ኖረዋል።"

"እሰይ! የጨዋ ልጅ! እልልል!"

ሞተሩ ጎማው ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። ካቴና የለው፣ ቺንጋ የሚሉት የላስቲክ ጠፍር የለው፣ ድምፅ የለው፤ ሲያዩት ያምራል። ሜዳው ላይ ሽው አለ። ዳገቱን ሲጀምር ግን አቃሰተ፣ ጋለ፣ ቆመ።

"ምነው?" አለ ኤሊ።

"ደከመኝ።"

"አያትህ ሊፍት አልነበሩም እንዴ?"

"እሳቸውማ ይወጡ ነበር" አለና ጭስ ተነፈሰ።

ቀጥሎ የመጣው ባለ ካቴና ሞተር ነው። ሲናገር ይጮኻል።

"የማን ልጅ ነህ?"

"የወፍጮ ልጅ! የሦስት ቀበሌ እህል የፈጨ!"

"ጉልበተኛ ዘር! እልልል!"

ኤሊ ሳንቃዋ ላይ ወጥቶ ቁልፉን ነካ። ካቴናው ቋ! አለ። ሳንቃዋ ተፈናጥራ ዳገቱን ወጣች። ኤሊ ግን አየር ላይ ቀረ፤ ከዚያ በጀርባው ዘጭ!

"ወጣሁት! ወጣሁት!" አለ ሞተሩ ከላይ ሆኖ።

"እኔስ?" አለ ኤሊ እግሮቹን ወደ ሰማይ እያራገበ።

"ስለ አንተ መች ተነገረኝ?"

አትሳቁ! እስቲ እናንተም ተገልብጣችሁ ሞክሩት። ጃርት ልታቃናው በተጠጋች ቁጥር እሾኋ ይወጋዋል፤ ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ሲጯጯሁ ዋሉ።

ኤሊ እንደምንም ተቃንቶ፣ ሳንቃዋም ከላይ ከተመለሰች በኋላ፣ በሦስተኛው አንድ ትንሽ ሞተር ቺንጋውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መጣ።

"የማን ልጅ ነህ?"

"የማራገቢያ።"

"ነፋስ ሲያሳድድ የኖረ ቤተሰብ! ውጣልን ከደጃችን!"

ሞተሩ አልወጣም። ወደ ኤሊ ዞረ። "አያ ኤሊ፣ ስንት ኪሎ ነህ? ዳገቱስ በጣም ቀጥ ያለ ነው? ስትወርድስ ማን ይይዝሃል?"

ያን ሁሉ ቀን ስለ ዳገቱ የጠየቀ ማንም አልነበረም።

"እኔ ትንሽ ነኝ" አለ ሞተሩ። "ግን የእኔን ትንሽ ባለ ጥርስ መዘውር ብዙ ጊዜ አዞራታለሁ፤ ቺንጋው ደግሞ ጎማው ላይ ያለውን ትልቁን መዘውር ቀስ አድርጎ ያዞረዋል። ፍጥነት እቀንሳለሁ፣ ጉልበት አገኛለሁ። ስትወርድም እኔው እይዝሃለሁ።"

"ቀስ ማለትማ የቤታችን ነው! ግባ!" አለ ኤሊ።

"ዘሩ ሳይቆጠር?" አለች ጃርት፤ ራሷን ልትስት ደረሰች።

"እኔ ወድጄዋለሁ" አለች ሳንቃዋ። "ቀድማችሁ ብትጠይቁኝ ይሄኔ ጨርሰን ነበር።"

በማግስቱ ኤሊ ለቀብሩ ልምምድ ወጣ። ጥቁር ለበሰ፤ ነጠላውን ዘቀዘቀ፤ ቁልፉን ነካ። ሳንቃዋ ጥርርር እያለች ወጣች። እሱም መንገዱ እንዳይባክን ብሎ ለቅሶውን ተለማመደ፦ "ወይኔ እማማ ፍየል! ወይኔ እናቴ!" እንዲህ እያለ ሄዶ ሄዶ እማማ ፍየል ደጃፍ ላይ ቆመ። ፍየል ፀሐይ ላይ ተኝታ ነበር። ቀና አለች።

"ማን ሞተ?"

"እ... ገና ነው።"

"ገና?"

"ማለቴ... ልምምድ ነው።"

ፍየል ነጠላውን አየች፤ እንባውን አየች። ሳቀች፣ ሳቀች፣ እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች።

"ሦስት ወር ሙሉ ደጄን የረገጠ የለም። ሁላችሁም ጡሩምባ ትጠብቃላችሁ! የመጀመሪያው አንተ ነህ፤ አንተም ለቀብሬ ነው የመጣኸው።"

ኤሊ አፈረ። በጣም አፈረ። አንገቱን ሊያስገባ ፈልጎ ነጠላው አላስገባ አለው። ስለዚህ ወረደና ውኃ አቀረበላት። በማግስቱ ቅጠል ጭኖ መጣ፤ በሳልስቱም መጣ። ሳምንት ሳይሞላ ፍየል በእግሯ ቆመች።

ግን በዚያው ሳምንት አያ ጥንብ አንሳ በጥጋብ ብዛት በድንገት ሞተ። ከሜዳው ማዶ ጡሩምባ ተነፋ፤ ሁሉም ወደዚያ ሄደ። ኤሊ ዳገቱ ላይ ፍየልን ሲያበላ አልሰማም።

እድሩ ተሰበሰበ። ከርከሮ መዝገቡን ዘረጋ። "አያ ኤሊ ለሦስተኛ ጊዜ ቀርቷል። ይሰረዝ!" ኤሊ አንገቱን ደፋ።

ፍየል እየተንገዳገደች ተነሣች። "ዳኛው፣ ቆይ። በታመምኩ ጊዜ ደጄ የመጣችሁ እጃችሁን አውጡ።"

ጃርት እሾኋን ታበጥር ጀመር። አንድ እጅ ብቻ ወጣ። እስኪወጣ ብዙ ጊዜ ፈጀ፤ የኤሊ ስለሆነ።

"ለሙታን ዘግይቷል" አለች ፍየል። "ለእኔ ግን በሕይወቴ ደርሶልኛል። እሱን ስትሰርዙ እኔንም ሰርዙኝ።"

ከርከሮ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ያን ቀን ደንቡ ተቀየረ፤ ቀብር የቀረ ሳይሆን ሕመምተኛ ያልጠየቀ እንዲሰረዝ ተወሰነ። ዳኛው ራሱ ሊሰረዝ ምንም አልቀረውም ነበር።

እንግዲህ ሞተር ስትመርጡ ዘሩን ተዉትና ዳገቱን ጠይቁ። ከወጣችሁ ደግሞ ከላይ ያለው ወዳጃችሁ ትንፋሹ ሳለ ድረሱ። በሉ፣ እኔ ተናግሬ ጨረስኩ፤ የታመመ ጎረቤት ያለው ተነሥቶ ይሂድ።