ፎቶ አንሺው የጨመራቸው እጆች

አንድ ፎቶ አንሺ በአንዲት ቆላማ የመንገድ ዳር ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ አጥላባቸው ይባላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ ኖሯል፤ ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሥራ ማመልከቻ። ሰው ሁሉ ፎቶውን ተቀብሎ የራሱን መልክ እያየ ይወጣል እንጂ ያነሳውን ሰው ቀና ብሎ አያየውም። ይህ ነገር ከዓመት ዓመት ውስጡን ሲበላው ቆይቷል።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ከተማው በሙሉ ደጅ ወጣ። ፀሐይ የቀስተ ደመና ቀለም ባለው ትልቅ ቀለበት ተከባ ነበር። አጥላባቸው ካሜራውን ይዞ ከከተማው ጀርባ ወዳለችው ጉብታ ወጣና አነሳት። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቶ አያውቅም። ደስ ብሎት በስልኩ ለቀቀው። ግን በዚያች ሰዓት ስልክ ያለው ሁሉ ያንኑ ቀለበት አንስቶ ለቆ ነበር። የእሱን ያየለት ሰባት ሰው ብቻ ነው።

አመሻሽ ላይ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ከአንድ የድሮ ፎቶ ሁለት ቁራጭ ደመና ወሰደ፤ ቅርጻቸውን ጥቂት አስተካከለና ከቀለበቱ ግራና ቀኝ አስቀመጣቸው። ሁለት የተዘረጉ እጆች ፀሐይዋን ያቀፉ መሰሉ። ከሥሩ ምንም አልጻፈም። «እኔ ምንም አላልኩም፤ ያየ ሰው የመሰለውን ይበል» ብሎ ራሱን አጽናና፤ ከዚያም ለቀቀው።

የሚባለውንማ ሰው ራሱ ጻፈለት። አንዱ «ምልክት ነው» አለ። ሌላው «ጉብታዋ ላይ ቆሞ እጆቹን ያየ ይፈወሳል» ብሎ ጨመረበት። በሳምንቱ ሰው ከየአቅጣጫው ይመጣ ጀመር። አጥላባቸውን መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ «ጋሽ አጥላባቸው፣ እርስዎ እኮ የታደሉ ነዎት!» ይለዋል። መጀመሪያ ደስ አለው። እየቆየ ግን ሰላምታው ራሱ ይከብደው ጀመር፤ ሰው እንዳያገኘው በጓሮ በኩል መመላለስ ያዘ።

ከዚያ አንዲት ሴት መጣች። ይርገዱ ትባላለች። ሁለት ቀን በእግር፣ አንድ ቀን በመኪና ተጉዛ፣ ዘጠኝ ዓመት የሆናትን ልጇን ደጊቱን ይዛ ነው የመጣችው። የልጅቷን ሁለቱንም ዓይኖች ሞራ ጋርዷቸዋል። አጥላባቸው እናትና ልጅን ያገኛቸው ጉብታዋ ላይ ነው። እናትየዋ የልጇን አገጭ ይዛ ፊቷን ወደ ቀትር ፀሐይ ቀና አድርጋለች። የልጅቷ እንባ እስከ አንገቷ ይወርዳል።

«እማ፣ ያቃጥለኛል» አለች ደጊቱ።

«ትንሽ ቻይው የኔ ልጅ። እጆቹ እስኪመጡ ነው።»

አጥላባቸው ሮጦ የልጅቷን ዓይን በመዳፉ ከለለ።

«ምን እያደረግሽ ነው እህቴ? ታሳውሪያታለሽ እኮ!»

«ሐኪሞቹ ባለፈው ሰኞ ኦፕራሲዮን ሊያደርጓት ቀጥረዋት ነበር» አለች ይርገዱ። «ዓይኗን በስለት ሲነኩት ታየኝና ፈራሁ። ይህን ሳይ ጊዜ ቀጠሮውን ትቼ ወዲህ መጣሁ።» ከመቀነቷ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የእሱ ፎቶ ነበር፤ አንድ ሰው አትሞ ሰጥቷታል።

አጥላባቸው አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«እህቴ፣ እነዚህን እጆች የሠራኋቸው እኔ ነኝ። ሰማይ ላይ አልነበሩም።»

«ይቀልዳሉ ጋሼ?»

ስልኩን አውጥቶ የመጀመሪያውን ፎቶ አሳያት። ቀለበቱ አለ፤ እጆቹ የሉም። ይርገዱ ወረቀቱንና ስልኩን እያስተያየች ብዙ ቆየች። ትጮህብኛለች፣ ትረግመኛለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን አልጮኸችም።

«ይህ ወረቀት እጄ ከገባ ወዲህ እንቅልፍ ተኝቼ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ልጄ ከታመመች ሁለት ዓመት አለፋት፤ እንደዚህ ሰሞን ተኝቼ አላውቅም። አሁን ያን ሁሉ መንገድ ምን ይዤ ነው የምመለሰው?»

«አብሬሽ እሄዳለሁ» አላት።

በዚያው ቀን ሱቁን ዘግቶ ከእናትና ልጅ ጋር ሆስፒታሉ ወዳለበት ከተማ ሄደ። ቀጠሮው አልፏል፤ አዲስ የተሰጣቸው ከሦስት ወር በኋላ ሆነ። ቀኑ ሲደርስ ደጊቱ ታከመች። ቀኝ ዓይኗ ደህና አየ። ግራው ግን ብርሃንና ጥላ ከመለየት አላለፈም። አጥላባቸው ሐኪሙን ለብቻው አግኝቶ ጠየቀው።

«ፀሐዩ ነው?»

«ይሆናል። መዘግየቱም ይሆናል። በጊዜው ብትመጣም ላይድን ይችል ነበር። ይህን ቆርጦ የሚነግርዎ ሰው አያገኙም» አለው ሐኪሙ።

አጥላባቸው ይህን መልስ ይዞ ወደ ከተማው ተመለሰ። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጎ «እጆቹን የጨመርኳቸው እኔ ነኝ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» ብሎ ለቀቀ። ጥቂቶች ሰደቡት። ጥቂቶች «አስፈራርተውት ነው እንዲህ የሚለው» አሉ። አብዛኛው ሰው ጭራሽ አላየውም። የውሸቱ ፎቶ ግን ከስልክ ወደ ስልክ መዞሩን አላቆመም፤ ሰውም መምጣቱን አላቆመም።

ስለዚህ ሁልጊዜ ቀትር ላይ ጉብታዋ ላይ ወጥቶ ይቆማል። ለመጣው ሁሉ አንድ በአንድ ያስረዳል። አንዳንዱ አምኖት ይመለሳል፤ አንዳንዱ ገፍትሮት ያልፋል። አንድ መንገደኛ አዝኖለት «ጋሼ፣ አሁንስ አይበቃዎትም?» ቢለው፣ «ደክሞኛል ልጄ፤ ግን ነገም ሕመምተኛ ይዞ የሚመጣ አለ» አለው።

ወዳጆቼ፣ ያን ቀን ሰማዩ ምንም አልጎደለውም ነበር። የጎደለው ሰውየው ነው፤ የጎደለውንም ሰማይ ላይ ሊሞላ ሞከረ። እናቲቱም ሞኝ አልነበረችም። ደክማ ነበር። የደከመ ሰው የሰጡትን ተስፋ አገላብጦ ለማየት አቅም የለውም፤ አገላብጠን ማየት ያለብን የምንሰጠው እኛ ነን። ፎቶውን የሠራው አንድ ሰው ነው፤ ከይርገዱ እጅ ያደረሱት ግን እውነት ይሁን ውሸት ሳይጠይቁ ለሌላው የላኩት ናቸው።

እስቲ እናንተ፣ ዛሬ ከስልካችሁ የላካችሁት ነገር የየትኛዋን እናት ቀጠሮ ያሳልፍ ይሆን?